ወደ ላይ የተሠራ የአራዊት ቤት

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በ12ኛ ክፍል ተማሪ የቀረበ ንግግር



የንግግሬ ርእስ በበዓሉ ፕሮግራም ላይ በታተመ ጊዜ ብዙ ሰው «ምን ማለቱ ነው?» ብሎ እንደ ጠየቀ ሰምቻለሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። በታላላቆቹ የዓለም ከተሞች መሬት እየጠበበና እየተወደደ ስለ ሄደ፥ አንዳንድ የሕንፃ ነዳፊዎች የአራዊት ማሳያ ግቢን በሜዳ ላይ ከመዘርጋት ይልቅ እንደ ፎቅ ቤት ወደ ላይ መሥራት፥ በየደርቡም ልዩ ልዩ እንስሳትን ማኖር ይሻላል ብለው ሥዕል ይሥላሉ። ሐሳቡን በሰማሁ ጊዜ በመጀመሪያ ሳቅ መጣብኝ። ቀጥሎ ግን ሰውና እንስሳ አንዱን ቦታ እንዴት ይካፈሉት የሚለው ጥያቄ ከእነዚያ ከተሞች ይልቅ በእኛ በሀዲያና በከምባታ እንደሚጠብቅ አሰብሁ። ስለዚህ እርሳስና ማስመሪያ ይዤ እኔም ነደፍሁ። የነደፍሁትን ከማሳየቴ በፊት ግን የአሳቤን መንገድ በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

ባለ ፎቅ የአራዊት ቤት አዲስ ነገር አይደለም። መጽሐፍ ቅዱስን ያነበበ ሁሉ እንደሚያውቀው የኖኅ መርከብ ባለ ሦስት ደርብ ነበረች፤ ርዝመቷ 300 ክንድ፥ ወርዷ 50 ክንድ፥ ከፍታዋ 30 ክንድ። አንዱን ክንድ 45 ሳንቲ ሜትር ብናደርገው 135 ሜትር በ22 ሜትር ተኩል ይሆናል፤ ሦስቱም ደርብ ተደምሮ ስፋቱ አንድ ሄክታር አይሞላም። በአንጋጫ ወይም በዶዮገና ደኅና መሬት አለው ከሚባል ገበሬ ይዞታ ብዙ አይበልጥም ማለት ነው። ነገር ግን መርከቢቱ የተሠራችው ለጥፋት ውኃ ዘመን ብቻ ነው። ውኃው በጎደለ ጊዜ በሩ ተከፈተ፥ እንስሳቱም ወጥተው በምድር ላይ ተበተኑ። በዛሬው ዘመን ያለው ችግር እንስሳቱ ከመርከቡ ቢወጡ የሚበተኑበት ምድር መጥፋቱ ነው።

ይህንንም በአኃዝ ላስረዳ። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የሀዲያ ዞን ሕዝብ 1,231,196፥ በዚያን ጊዜ ከምባታ ጠምባሮ ይባል የነበረው ዞን ሕዝብ ደግሞ 680,837 ሆኖ ተመዝግቧል። በከምባታ ጠምባሮ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ 502 ሰው ይኖር ነበር። ገልብጠን ብናሰላው ተራራውም፥ ገደሉም፥ ወንዙም ተቆጥሮ ለአንድ ሰው የሚደርሰው 2,000 ካሬ ሜትር አይሞላም። ከዚያ ወዲህ ሕዝቡ ጨምሯል፤ መሬቱ ግን አልጨመረም። አንድ የአንበሳ መንጋ መብል በሞላበት አገር እንኳ 20 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይፈልጋል። እንግዲህ ለአንድ መንጋ ቦታ እንልቀቅ ብንል ከ10,000 ሰው በላይ ከቤቱ ልናስነሣ ነው። ይህን የሚል ሰው በገበያ ቀን ዱራሜ ላይ ቆሞ ይናገርና የሚሰጠውን መልስ ይስማ።

አንበሳን ካነሣሁ አይቀር፥ በአዲስ አበባ በስድስት ኪሎ ስለ ተሠራው አንበሳ ግቢ አንድ ቃል ልናገር። ግቢው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1948 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ተቋቋመ። አንበሶቹ ጎፈራቸው ጥቁር ሆኖ እስከ ደረታቸውና እስከ ሆዳቸው የሚወርድ ነው። በ2012 የእንግሊዝና የጀርመን ተመራማሪዎች የ15ቱን ዘር መርምረው በሌላ ሥፍራ ከሚገኙት አንበሶች የተለዩ መሆናቸውን አስታወቁ። እንግዲህ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የሌለ ሀብት ነው ያለን። ይሁን እንጂ ከዚህ ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ በ2006 በዚያው ግቢ ቦታና ገንዘብ ስለ ጠፋ ግልገሎች በመርዝ እንደሚገደሉ በዓለም ጋዜጦች ተጽፎ ነበር። ይህን የምናገረው ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ ቦታ ማጣት ምን እንደሚያደርስ ለማሳየት ነው። አንበሳ ይወልዳል፥ አጥር ግን አይወልድም።

ወደ ውጭ አገር ብንመለከት፥ በሐምቡርግ አጠገብ ሃገንቤክ የሚባል ሰው በ1907 የብረት ፍርግርጉን አስወግዶ በሰውና በአውሬ መካከል ጥልቅ ቦይ ቆፈረ፤ አውሬው በእውነት የተፈታ መሰለ። በለንደን ደግሞ በ1934 ለፔንግዊን ወፎች እንደ ጥምዝ መንገድ ወደ ላይና ወደ ታች የሚወርድ የሲሚንቶ መወጣጫ ተሠራላቸው። ሥራው እጅግ የሚደነቅ ስለ ሆነ የሕንፃ ተማሪዎች እስከ ዛሬ ይማሩበታል። ነገር ግን ሲሚንቶው የወፎቹን እግር ያቆስል ስለ ነበረ በ2004 ወፎቹ ወጡ፥ ሕንፃው ባዶውን ቀረ። ሕንፃው ለተመልካቹ ዓይን ተሠርቶ ነበር፤ የወፏን እግር የጠየቀ አልነበረም። በቡዌኖስ አይሬስ ከተማ በ1888 የተከፈተው ግቢ በ2016 እንዲዘጋና የተፈጥሮ መናፈሻ እንዲሆን ተወሰነ፤ ከዚያው ግቢም ሳንድራ የምትባል ኦራንጉታን ዳኞች ራሱን የቻለ መብት እንዳላት ከፈረዱላት በኋላ በ2019 ወደ አሜሪካ ተላከች። በእኛም አገር በ2012 ዓ.ም. በታላቁ ቤተ መንግሥት ውስጥ የተከፈተው አንድነት ፓርክ ለአራዊት ሰፋ ያለ ሥፍራ አዘጋጅቷል። ከተሞች ሁሉ በዚህ ነገር ላይ እየተጨነቁ ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። «ወደ ቤታችን» ስል በምሳሌ አይደለም።

የአያቶቻችንን ቤት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ክብ ነው፥ ክዳኑ ሣር ነው፥ መካከሉን ምሰሶ ይዞታል። በአንዱ ወገን ምድጃውና የሰው መኝታ አለ፤ በሌላው ወገን፥ በእንጨት ተከልሎ፥ ላሞቹ ታስረዋል። ዶሮዎቹ ከላይ ቆጥ ላይ ናቸው። ከውጭ የመጣ ሰው ይህን ባየ ጊዜ «ድህነት ነው» ብሎ ይጽፋል። እኔ ግን የእንስሳትንና የሰውን ቦታ አካፋፈል ከነደፉት ሁሉ የመጀመሪያዎቹ መሐንዲሶች እነዚያ አባቶች ናቸው እላለሁ። ምክንያቱም ብርድ በሚጸናበት በደጋው ሌሊት የከብቱ ትንፋሽ ቤቱን ያሞቃል። ሌባና ጅብ በሩን ሳይሰብር ከብቱን አያገኝም። ከሁሉም የሚበልጠው ግን እንሰቱ ነው። እንሰት ለመብል እስኪደርስ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይቆያል፤ ይህንንም ዘመን ሁሉ ፍግ ይፈልጋል። እበቱና ሽንቱ በቤቱ ጓሮ በኩል በቀጥታ ወደ እንሰቱ ይሄዳል። ላም የሌለው ቤት እንሰቱ ይመነምናል፥ እንሰቱ የመነመነ ቤት ደግሞ በረሃብ ዘመን መጠጊያ የለውም። ስለዚህ በሀዲያ ዘንድ መቶ ከብት የቆጠረ ሰው በሕዝብ ፊት ይከበር የነበረው ለከንቱ ውዳሴ ብቻ አልነበረም።

ከ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ ግን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው እየዞሩ ከብቱ ከሰው ቤት ይውጣ፥ ለብቻው በረት ይሠራለት ብለው ያስተምራሉ። ምክንያታቸው እውነት ነው። የከብት ሳንባ ነቀርሳ በትንፋሽና ባልፈላ ወተት ወደ ሰው ይተላለፋል። ላም የሚያስወርድ ብሩሴሎሲስ የሚባለው በሽታም እንዲሁ በወተትና በወሊድ ጊዜ ሰውን ይይዛል። አባ ሰንጋን የማያውቅ የለም። ሕፃናት ከጥጃ ጋር በአንድ ክፍል ሲተኙ ማን እንደ ሳለ ለመለየት እንኳ ያስቸግራል።

በመንደራችን አንዲት ወጣት የጤና ሠራተኛ አያቴን «እማማ፥ ከብቶቹን ያውጡልኝ እንጂ፤ ለጤናዎ ነው» ስትላቸው ሰምቻለሁ። አያቴም «እሺ ልጄ፥ አወጣለሁ። ሌሊት የሚጠብቅልኝን ሰው አንቺ ታመጪልኛለሽ ወይ?» አሏት። ልጅቱ ዝም አለች፤ አያቴም ቡና አፈሉላት። ከብቶቹ ቀን ቀን ውጭ በተሠራው በረት ይውላሉ፥ ማታ ሲጨልም ግን ወደ ቤት ይገባሉ። በየመንደሩም ብዙ ቤት እንዲሁ ነው። የጤና ሠራተኛዋ መዝገብ ላይ «በረት ሠርቷል» ተብሎ ይጻፋል፥ ላሚቱ ግን በቦታዋ ናት።

ከሁለቱ ማን ትክክል ነው ብትሉኝ ሁለቱም ናቸው እላለሁ። ለዚህም ነው ወደ ፎቅ ያሰብሁት። በላስታ ላሊበላ ከድንጋይ የተሠሩ ክብ ባለ ፎቅ ቤቶች አሉ፤ ከብቱ ምድር ቤት ያድራል፥ ሰው ከላይ ያድራል። በአውሮፓም በአልፕስ ተራሮች የሚኖሩ ገበሬዎች ለብዙ ዘመን እንዲህ ኖረዋል። እኔ የነደፍሁት ቤት በዳገት ላይ የሚሠራ ነው። የከምባታ ገበሬ ዳገት አያጣም። የከብቱ በር በታችኛው ወገን ነው፥ የሰው በር በላይኛው ወገን፤ ስለዚህ ባልቴትም ብትሆን መሰላል ሳትወጣ ከደጇ በቀጥታ ወደ ፎቋ ትገባለች። በሁለቱ መካከል ያለው ወለል ከሳንቃ ሆኖ ከላዩ በጭቃ ተለስኖ ይደፈናል፤ ሙቀት ያልፋል፥ ትንፋሽ ግን አያልፍም። ከታች የሚወጣው አየር በጎን መስኮት ወደ ነፋሱ አቅጣጫ ይወጣል እንጂ ወደ ላይ አይመጣም። ሽንቱና እበቱ በቦይ ወርዶ ከቤቱ በታች ወደ ተተከለው እንሰት ይደርሳል። አራት ከብት ያለው ቤት ከሆነ በመካከል የባዮጋዝ ጕድጓድ ሊቆፈር ይችላል፤ ጋዙ ለምድጃና ለመብራት ይሆናል፥ የተረፈው ዝቃጭ ደግሞ ለእንሰት ከጥሬው እበት ይልቅ ይስማማል። ሌባ የመጣ እንደ ሆነ ላሚቱ ከአያቴ እግር በታች ናት፤ ኮቴዋ ሲንቀሳቀስ ትሰማለች።

ጕድለቱ ግልጽ ነው፤ የሳንቃ ዋጋ ነው። የሂሳብ መምህራችን ሥዕሉን አይተው «ይህ ቤት ጥሩ ነው፥ ላሞቹ ግን ለሳንቃው ይሸጣሉ» ብለውኛል። ስለዚህ በሳንቃ ፋንታ የባሕር ዛፍ አጣና ደርድሮ በጭቃና በጭድ መምረግ ይቻላል ብዬ ሁለተኛ ሥዕል ሠርቻለሁ። ክብደቱን ይችላል ወይ የሚለውን አናጢ ወላጆቻችን እንዲፈርዱልኝ እለምናለሁ።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ቤት እንስሳ ነው። የዱር አራዊትስ?

በዚህ ላይ የፎቁን ነዳፊዎች የምቃወምበት ነገር አለኝ። እንስሳ ሁሉ ወደ ላይ የሚኖር አይደለም። ጉሬዛ በእርግጥ የፎቅ እንስሳ ነው፤ መብሉ ቅጠል፥ መንገዱ ቅርንጫፍ ነው፥ ወደ መሬት የሚወርደው አልፎ አልፎ ብቻ ነው። ለአንድ መንጋ ጥቂት ሄክታር ጫካ ይበቃዋል፤ ስለዚህ በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ በቀሩት ትንንሽ ደኖች እንኳ ይገኛል። ሽኮኮም የገደል ነዋሪ ነው። ቆርኬን ግን ፎቅ ላይ አናወጣውም። ቆርኬ ሯጭ ነው፥ ሜዳ ይሻል። በሻሸመኔና በሐላባ አቅራቢያ ለእርሱ ተብሎ በተከለለው በሰንቀሌ፥ በሺህ ይቆጠር የነበረው ቆርኬ በ1983 ዓ.ም. መንግሥት በተለወጠ ጊዜ ሰው ሜዳውን ስለ ገባበት እጅግ ጥቂት እስኪቀር ድረስ አለቀ፤ ከዚያ ወዲህ በጥበቃ እንደገና አንሠራርቷል። በቦዮ ሐይቅ ረግረግ የሚታዩት ቁራኛ እግር ረጃጅም ወፎችም ደርብ አይሠራላቸውም፤ እነርሱ የሚፈልጉት እንዳይታረስ የተተወ ውኃ ነው።

ስለ ጅብ ትንሽ ቆየት ብዬ ልናገር፤ ምክንያቱም በሆሳዕና ሌሊት ድምፁ የማይሰማው ሰው ያለ አይመስለኝም። ጅብን በፎቅም በጎጆም ማኖር አያስፈልግም፤ እርሱ ራሱ ከእኛ ጋር ለመኖር ከመረጠ ቆይቷል። በሐረር ከተማ በጀጎል ግንብ ሥር ጅብ የሚገባባቸው ዝቅተኛ ቀዳዳዎች አሉ። ሰው በበሩ ይገባል፥ ጅብ በቀዳዳው ይገባል፤ ቆሻሻውን ጠርጎ ሳይነጋ ይወጣል። ይህ የቦታ አካፋፈል በሰዓትም በከፍታም የተደረገ ነው። በመቀሌ ደግሞ በ2021 በአውሮፓ አቆጣጠር የታተመ ጥናት የከተማው ጅቦች በዓመት 207 ቶን የእንስሳት ሬሳና ተረፈ ሥጋ እንደሚበሉ፥ በዚህም በየዓመቱ በግምት አምስት ሰውና 140 ከብት፥ በግና ፍየል ከአባ ሰንጋና ከሳንባ ነቀርሳ እንደሚድኑ አስልቷል። ይህን ለአያቴ በነገርኋቸው ጊዜ «ደመወዙን አህያዬን በልቶ ወስዷል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ከተማችን ጌታ በአህያ ተቀምጦ በገባበት በዓል ስም ተጠርታ ሳለች፥ አህዮቿ ሌሊት በየመንገዱ ዳር ተትተው ያድራሉ። ጅብ ሕፃንንም እንደሚነጥቅ አንዘንጋ። ስለዚህ በሥዕሌ ላይ ከተማውን የሚያቋርጡት ፈፋዎች ለጅብ መተላለፊያ ተትተዋል፤ በፈፋው ዳርና ዳር ቤት አይሠራም፥ ሥጋ ቤቶች ተረፋቸውን የሚጥሉበት አንድ ሥፍራ ከከተማው ውጭ በፈፋው ጫፍ ላይ ይሆናል። መንገዱን ያወቀ ጅብ በየደጁ አይንከራተትም።

አሁን የፎቄን ዋና ክፍል ላሳያችሁ። ሕንፃውን መሥራት አያስፈልግም፤ ተሠርቶ ቆሞአል። ከምዕራብ ከጊቤ ሸለቆ ቆላ ተነሥታችሁ በሆሳዕና አልፋችሁ እስከ ሐምበሪቾ ተራራ ጫፍ ብትሄዱ ቆላን፥ ወይና ደጋንና ደጋን በየተራ ትረግጣላችሁ። ሐምበሪቾ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። ጉማሬው በታችኛው ደርብ በወንዙ ውስጥ ነው፥ ጦጣውና ጉሬዛው በመካከለኛው ደርብ፥ የደጋ ወፎች በሰገነቱ ላይ። ደርቦቹን የሚያገናኘው ደረጃ ግን ተቆርጧል። በየመካከሉ እርሻና ባሕር ዛፍ ስለ ገባ የላይኛው ወደ ታች፥ የታችኛው ወደ ላይ መሄድ አይችልም። ዝንጀሮና ጃርት እንሰታችንን የሚያጠፉት ስለ ጠሉን አይደለም፤ መንገዳቸው በጓሮአችን መካከል ስለ ሆነ ነው። በሥዕሌ ላይ ወንዞቹን ተከትሎ በግራና በቀኝ 30፥ 30 ሜትር ስፋት ያለው የአገር በቀል ዛፍ መቀነት ተሠምሯል፤ ጽድ፥ ዝግባ፥ ኮሶ፥ ዋንዛ። ይህ ለአራዊቱ ደረጃቸው ነው። ለሰውም ደረጃ አለው፤ በሐምበሪቾ የተሠራው ባለ 777 ደረጃ መወጣጫ። ጎብኚ ከደረጃው ወርዶ አይሂድ፥ ደረጃው እንደ ፍርግርግ ይሁንለት። እንስሳው ይፈታ፥ ሰው ለሁለት ሰዓት ይታሰር። ክፍያውም እንሰቱ ለተበላበት ገበሬ ካሳ ይሁን። ካሳ ሳይኖር ስለ ዛፍ መቀነት መናገር፥ በተለይ እናንተ ወላጆቻችን ፊት፥ አልደፍርም፤ በ2016 በአውሮፓ አቆጣጠር በሰሜን ተራሮች ከፓርኩ ውስጥ የተነሡት የግጭ መንደር ሰዎች ሌላ ቦታ እንደ ሰፈሩ አንብቤአለሁ፥ የእኛ ሰው ግን የሚሄድበት ሌላ ቦታ የለም። መቀነቱ ያለ ሰው ፈቃድ ከተሠመረ አንድ ክረምት ሳይሻገር ለማገዶ ይቆረጣል።

መቀነቱ ምን ያህል መሬት እንደሚወስድ አስልቻለሁ። ለአንድ ኪሎ ሜትር ወንዝ 6 ሄክታር ነው። ከዚህም ውስጥ ብዙው ዛሬም በገደልነቱ የማይታረስ ነው፤ የቀረው ግን የሰው እርሻ ነው፥ ይህን አልሸሽግም። እኔና ሁለት ጓደኞቼ በእረፍት ጊዜአችን ከአንድ ወንዝ ዳር ገመድ ይዘን የለካነው አራት ኪሎ ሜትር ነው፤ በዚያ ውስጥ 23 የእንሰት ጓሮ ይነካል። ባለቤቶቹን አንድ በአንድ ጠይቀናል። ዘጠኙ ዛፉን እንተክላለን ችግኝ አምጡ አሉ፤ አምስቱ መጀመሪያ ካሳውን እንይ አሉ፤ ሰባቱ እምቢ አሉ፤ ሁለቱ ውሻቸውን ለቀቁብን።

ሥዕሉ በሳይንስ ክፍል ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ቤቱ በቀይ፥ ፈፋው በሰማያዊ፥ መቀነቱ በአረንጓዴ ቀለም ነው። እምቢ ያሉት የሰባቱ ጓሮ ቀለም ሳይቀባ ነጭ ሆኖ ተትቷል፤ መቀነቱ በእነርሱ ዘንድ ምን ያህል ጠቦ ወይም በየትኛው ወገን ዞሮ ሊያልፍ እንደሚችል አሳብ ያለው ሁሉ በሥዕሉ ሥር ባኖርነው እርሳስ መሥመሩን ያስምርልን።